«ጫማ አድርገሽ ጋግሪ»

ውድ አንባቢዬ፣ እርስዎም ብለውት ያውቁ ይሆናል። ምጣድ ሲነዝር፣ ማቀዝቀዣ ሲቆነጥጥ፣ የሻወር ቧንቧ ነካ ሲያደርጉት እጅ ላይ ሽው ሲል በየቤታችን የምንሰጠው መድኃኒት አንድ ነው፤ «ጫማ አድርጊበት»። እናቴ ለእኔ ብላኛለች። እኔም ለልጆቼ ብያለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ለተከራዬ አልኳት። ይህን የምጽፍልዎ በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ጉለሌ ውስጥ አባቴ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያሠራው የጭቃ ቤት አለን። ዋናው ቤት ሦስት ክፍል ነው። ከጀርባው ደግሞ አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ገንዘብ ባገኘች ቁጥር አንድ አንድ እያለች የቀጠለቻቸው አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። እኛን ያሳደገን የነዚያ ክፍሎች ኪራይ ነው። እናቴ ስታርፍ እህቴም ወንድሞቼም ውጭ አገር ስለነበሩ ቤቱን የመጠበቁ ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋናውን ቤት ለአንድ ቤተሰብ፣ ሰርቪሶቹንም ለአራት ተከራዮች አከራየሁ።

እውነቱን ልናገርና፣ ደግ አከራይ ነኝ ብዬ አምን ነበር። የአዲስ አበባ ተከራይ ቤት ሲፈልግ ምን እንደሚባል ያውቁታል፤ «ምጣድ አይፈቀድም፣ ካውያ አይፈቀድም፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም»። እኔ ይህን ሁሉ አልልም ነበር። ውኃ ሲጠፋ ከሮቶ እንዲቀዱ እፈቅዳለሁ። ለበዓል ሁላቸውንም እጠይቃለሁ። ምጣድም ፈቅጃለሁ። አንደኛዋ ተከራይ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች አምስት ዓመት የሆነውን ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ወጣት ናት። ሌላ አከራይ የማይቀበላትን እኔ በመቀበሌ በልቤ ራሴን አመሰግን ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኪራይ ልቀበል ሄጄ ብሩን እየቆጠርኩ ሳለ፣ «እትዬ፣ ምጣዱ አልፎ አልፎ ይነዝረኛል» አለችኝ።

ቀና እንኳን አላልኩም። «ጫማ አድርገሽ ጋግሪ» አልኳት።

«እሺ እትዬ» አለች።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ነሐሴ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። የደወለልኝ የዋናው ቤት ተከራይ ነው። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራ ብሎ ውኃው በበሩ ሥር ገብቶ የክፍሏን ሲሚንቶ ወለል አርሶታል። እናት ጫማዋን አድርጋ ትጋግራለች። ለልጇ እንጎቻ ጋግራለት ኖሮ እሷ ዘወር ስትል ልጁ በባዶ እግሩ መጥቶ እንጎቻውን ሊያነሳ የምጣዱን የብረት ጠርዝ ያዘ። መልቀቅ አልቻለም። እሷ እየጮኸች ገመዱን ጎትታ ከሶኬቱ ነቀለችው። ልጁ ተስፈንጥሮ ወደቀ።

እንዳይጨነቁ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ልጁ ተርፏል። ዛሬ አንደኛ ክፍል ነው። ጣቶቹ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ጤና ጣቢያ ስደርስ ልቡን መርምረውት፣ እስከ ማታ ይቆይልን ብለው አልጋ ላይ አስተኝተውት ነበር። እናቱ ስታየኝ ከወንበሯ ተነሳች። ትጮህብኛለች፣ ትሰድበኛለች፣ የነገርኩሽን ረሳሽው ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለችኝ፤

«ይቅርታ እትዬ፤ ጫማውን አውልቆብኝ ነው እንጂ…»

እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። አምናኝ ነበር ማለት ነው። ምክሬን ሕግ አድርጋ ይዛው፣ ጥፋቱ የልጇ ጫማ ማውለቅ መስሏት ነበር። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከለንደን የመጣው ጥያቄ

በማግስቱ ለእህቴ ደውዬ አለቀስኩላት። እህቴ ለንደን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ናት። ካጽናናችኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ለመሆኑ ያ ቤት ኤሌክትሪኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው?»

ጥያቄው ራሱ አዲስ ሆነብኝ። ቤት ይመረመራል እንዴ? ጣራው ሲያፈስ እናሳድሳለን፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ እንመርጋለን። ኤሌክትሪክ ግን መብራቱ እስከበራ ድረስ ደህና ነው ብለን የምንተወው ነገር ነው።

እህቴ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ደንብ መሠረት፣ የግል ቤት የሚያከራይ ሰው የቤቱን የኤሌክትሪክ መሥመር ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ብቃት ባለው ባለሙያ ማስመርመር ግዴታው ነው። የምርመራው ሪፖርት በ28 ቀን ውስጥ ለተከራዩ ይሰጣል። አደገኛ ነገር ከተገኘም በ28 ቀን ውስጥ፣ ባለሙያው ባስቸኳይ ካለ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ መጠገን አለበት። የእሷ አከራይ ያንን ወረቀት ቁልፍ ሲሰጣት አብሮ ሰጥቷታል። «ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወረቀቱ ግን የአምና ነው» አለችኝ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እኔን የጠቀመኝ አከፋፈሉ ነው። መርማሪው ያገኘውን ጉድለት በሦስት ደረጃ ይጽፈዋል። አንደኛው አሁኑኑ ሰው ሊጎዳ የሚችል ነው። ሁለተኛው ዛሬ ባይሆን ነገ ሊጎዳ የሚችል ነው። ሦስተኛው ቢሻሻል የሚመረጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካሉ ቤቱ አላለፈም ማለት ነው።

እኔ በአከራይነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ወረቀት አምጪ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ነገር ግን «አልተጠየቅኩም» የሚለው ምክንያት ያን ማታ ለራሴም አልዋጥልህ አለኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያነት በሚያገለግል ሁኔታ አስረክቦ፣ በኪራዩ ዘመን ሁሉ በዚያው ሁኔታ እንዲጠብቀው ያዛል። የሚነዝር ቤት ለመኖሪያ ያገለግላል ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ ልጁን በባዶ እግሩ እዚያ ወለል ላይ አቁሞ ይከራከር።

የአባቴ ፊውዝ

ሰው አጠያይቄ አንድ በዕድሜ የገፉ ኤሌክትሪሺያን አገኘሁ። የሙያ ፈቃዳቸውን ሳልጠይቃቸው ራሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። ቴስተር ካቻቢቴ ብቻ ይዘው ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሙሉ ሣጥን መሣሪያ ይዘው መጡ። «ቴስተር ኮረንቲ መኖሩን ብቻ ነው የሚነግርሽ ልጄ፤ የሽቦውን ጤና አይነግርሽም» አሉኝ።

መጀመሪያ ወደ ቆጣሪው ሄዱ። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርጅቱ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሁሉ የቤቱ ባለቤት ነው። «ከዚህ ወዲህ ያለው ያንቺ ነው» ሲሉኝ፣ የርስት ድንበር ያሳዩኝ ያህል ተሰማኝ።

ከቆጣሪው አጠገብ የድሮው የሸክላ ፊውዝ ነበር። ከፍተው አሳዩኝ። በፊውዝ ሽቦው ቦታ ወፈር ያለ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ወዲያው አወቅኩት። ልጅ ሳለን፣ በአንድ የፋሲካ ዋዜማ፣ ዶሮው ገና እሳት ላይ እያለ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። አባቴ ሻማ ይዞ ወጥቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ቤቱ በብርሃን ሲሞላ ሁላችንም አጨበጨብን። ያ ፊውዝ ከዚያ በኋላ ተቃጥሎ አያውቅም። አባታችን ምን ዓይነት ጎበዝ ነው እንል ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ ፈገግ አሉ። «አባትሽ ቤታቸውን ይወዱ ነበር። ግን ፊውዝ ማለት ዘበኛ ነው፤ ሥራው ከመጠን በላይ ኮረንቲ ሲመጣ ቀድሞ መቃጠል ነው። ይሄ ዘበኛ ግን ቤቱ ሲቃጠል እንኳን አይነቃም።»

ውድ አንባቢዬ፣ የድሮ ቤት ያለው ሰው ትልቁ ችግር ይህ ይመስለኛል። ቤቱን እናውቀዋለን ብለን እናስባለን። እያንዳንዱ ጥገና ትዝታ ስላለው ጉድለት ሆኖ አይታየንም። ተከራይ ግን የሚከራየው ትዝታችንን አይደለም፤ ሽቦውን ነው።

ኮርኒሱ ውስጥ ያየሁት

ቀጥለው ኮርኒስ ውስጥ ገቡ። የዋናው ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ነው፤ ላዩ ላይ የስንት ዓመት አቧራና የአይጥ ጎጆ ተከምሮበታል። ያነሱልኝን ፎቶ ሳይ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በፕላስተር ብቻ ተጠቅልለዋል፤ ፕላስተሩም ደርቆ ተልጧል። አይጥ የበላው የሽቦ ልብስ ሥር መዳቡ ይታያል። ልቅ የሆነ መጋጠሚያ ኮረንቲ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ብልጭታም ይፈጥራል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ደረቅ ጨርቅና አቧራ ነው።

የቀረውን አሳጥሬ ልንገርዎ።

ቤቱ ሲሠራ መሥመሩ የተዘረጋው በየክፍሉ ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ፣ ማቀዝቀዣ መጣ፣ ምጣድ መጣ፣ አራት ክፍሎችም ተጨመሩ። ሽቦው ግን ያው ነው። ሰርቪሶቹ ኮረንቲ የሚያገኙት አንዱ ከሌላው እየተቀጠለ ሲሆን፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ ክፍል የመጨረሻው ነው። የምጣዷ ሶኬት የተሳበው ለመብራት በሚሆን 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ይህን በ220 ቮልት ሲያካፍሉት 16 አምፔር አካባቢ ይመጣል። ያን ያህል ኮረንቲ ለረጅም ሰዓት የሚሸከም መሥመር 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የራሱ ብሬከር ያለው መሆን ነበረበት። የእሷ ሽቦ ግን በየጋገረች ቁጥር እየሞቀ ልብሱ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበር ነበር።

ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪሶቹ የሚሻገረው መሥመር በቆርቆሮ ጣራው ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የቆርቆሮው ጠርዝ ሽቦውን እየሞረደው ኖሯል። ትንሽ ቢቆይ ጣራው ራሱ ኮረንቲ ይይዝ ነበር። ልብስ ማስጫው ሽቦ ደግሞ ከዚያው ጣራ ላይ የታሰረ ነው።

በሁለት ክፍሎች ማብሪያ ማጥፊያው የተገጠመው በኮረንቲው ሽቦ ላይ ሳይሆን በኒውትራሉ ላይ ነው። ይህ ማለት መብራቱን አጥፍተው አምፖል ሊቀይሩ ሲወጡ አምፖል መያዣው አሁንም ኮረንቲ አለው ማለት ነው።

ከሁሉም የባሰው ግን ቤቱ በሙሉ የመሬት ሽቦ የለውም። ሶኬቶቹ ላይ የመሬት መግቢያው አለ። ከኋላው ግን ምንም አልታሰረም። ለዓይን ያለ፣ ለሥራ የሌለ።

በመጨረሻ ብሬከሩን አጥፍተው፣ ዕቃዎቹን ሁሉ ከሶኬት አስነቅለው ሜገር በሚባለው መሣሪያ ሽቦዎቹን ለኩ። መሣሪያው በሽቦዎቹ መካከል 500 ቮልት ልኮ ልብሳቸው ምን ያህል እንደሚያግድ ያነባል። ጤነኛ መሥመር ቢያንስ 1 ሜጋኦም ማሳየት አለበት። የእኛዎቹ ሰርቪሶች ከዚያ በጣም በታች ነበሩ። እህቴ የላከችውን አከፋፈል ነግሬያቸው ስለነበር ከወረቀታቸው ላይ አነበቡልኝ፤ በመጀመሪያው ደረጃ ሦስት ነገር፣ በሁለተኛው ሰባት፣ በሦስተኛው አራት።

ጫማው የሚያደርገውና የማያደርገው

«ጋሼ፣ ብሬከር ነበረን እኮ፤ ለምን ልጁን አላዳነውም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰርቪሶቹ ጋ ወንድሜ ያስገባው 16 አምፔር ብሬከር ነበር። መልሳቸውን ለእርስዎም ላድርስ፤ እኔ እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሼ የማላውቀው ነገር ነበርና።

ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። 16 አምፔር ማለት 16 ሺህ ሚሊ አምፔር ነው። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ኮረንቲ ግን በሰው አካል ውስጥ ሲቆይ ጡንቻን ጨምድዶ መልቀቅ ያስከለክላል፣ ትንፋሽ ያቆማል፣ የልብን ምት ያዛባል። ብሬከሩ ሰው በኮረንቲ ተይዞ ሲንቀጠቀጥ ልክ አንድ ተጨማሪ አምፖል እንደበራ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ነው። እሱ የሄደው ኮረንቲና የተመለሰው እኩል መሆናቸውን ይቆጣጠራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ያህል በሰው በኩል ወደ መሬት ከሸሸ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መሥመሩን ይቆርጣል።

የመሬት ሽቦ ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። ምጣዱ ውስጥ ያለው የኮረንቲ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ሲነካ፣ ኮረንቲው በሰው በኩል ሳይሆን በቀላሉ በሽቦው በኩል እንዲሄድና መቁረጫው እንዲቆርጥ ያደርጋል። የመሬት ሽቦ ከሌለ ምጣዱ ኮረንቲ ይዞ ዝም ብሎ ሰው ይጠብቃል።

ጫማስ? ደረቅ ጎማ ጫማ ኮረንቲው በእግር በኩል ወደ መሬት እንዳያልፍ ያግዳል። ግን በሌላ እጅዎ እርጥብ ግድግዳ ወይም የውኃ ቧንቧ ከነኩ ጫማው ከንቱ ነው። ደግሞም ጫማ ኮረንቲውን ከምጣዱ ላይ አያጠፋውም። ተራውን ጫማ ላላደረገው ሰው ያስተላልፋል። በእኛ ቤት ተራው የደረሰው የአምስት ዓመት ልጅ ነበር።

የሁለት ወር ኪራይ

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን የምጣዱ መሥመርና የጣራው ሽቦ ተቆረጡ። ያን ሰሞን ተከራዮቼ ቀን ቀን ያለ መብራት ዋሉ፤ እንጀራ ጋጋሪዋም ጎረቤት እየሄደች ጋገረች፤ የዚያን ወር ኪራይ አልተቀበልኳትም። ግቢው ጥግ፣ አፈሩ በማይደርቅበት ቦታ፣ የመዳብ ዘንግ ተቀበረና በመሣሪያ ተለካ። ለየክፍሉ ራሱን የቻለ መሥመርና ብሬከር፣ ለምጣዱ የብቻው፣ ለሁሉም አርሲዲ ገባ። ኮርኒስ ውስጥ ያለው ሽቦ ሁሉ ተለውጦ በፕላስቲክ ቱቦ አለፈ፤ መጋጠሚያዎቹም ሣጥን ውስጥ ገቡ።

ወጪው የጠቅላላው ግቢ የሁለት ወር ኪራይ ያህል ነው። አልዋሽዎትም፤ ከበደኝ። ወንድሜ በስልክ «ለተከራይ ይህን ያህል?» አለኝ። እናታችን በዚያ ኪራይ እንዳሳደገችን ሳስታውሰው ዝም አለና በሳምንቱ ድርሻውን ላከ።

በኪራይ ላይ አልጨመርኩም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት ያውቁ ይሆናል። ውላችንን ስናድስ ሁለት መሥመር አስጨመርኩ፤ አንደኛው ኤሌክትሪኩ መቼ፣ በማን እንደተመረመረና ምን እንደተጠገነ ይገልጻል። ሁለተኛው ተከራይ የሚነዝር፣ የሚሞቅ ወይም የሚሸት ነገር ሲያይ እንዲያሳውቅ፣ አከራይም በሁለት ቀን ውስጥ ባለሙያ እንድታመጣ ያስገድዳል። ሁለተኛው መሥመር የታሰበው ለእነሱ ሳይሆን ለእኔ ነው።

እርስዎስ?

የድሮ ቤት የሚያከራዩ ከሆነ፣ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት በዓይንዎ፣ በአፍንጫዎና በጆሮዎ ሊያውቁት የሚችሉት ነገር አለ። ሶኬት ወይም መሰኪያ ይሞቃል? በዙሪያው ቡናማ ጠባሳ አለ? የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል? ማብሪያው ይንሸዋሸዋል? ምጣድ ሲሰካ የቤቱ መብራት ይደክማል? ብሬከሩ በየጊዜው ይወርዳል? ምጣድ ወይም ስቶቭ በዲቫይደር ላይ ተሰክቷል? ከነዚህ አንዱ ካለ መርማሪው እስኪመጣ መሥመሩን አያስነኩ። ብሬከር እየወረደ ካስቸገረዎ በትልቅ አይቀይሩት፤ ያ የአባቴ ፊውዝ ነው።

ባለሙያ ሲመርጡ የብቃት ማረጋገጫውን ይጠይቁ። ሲኦሲ ያለፈ፣ በመሣሪያ የሚለካ፣ ያገኘውን በጽሑፍ የሚሰጥ ይሁን። የመሬት ሽቦውን የውኃ ቧንቧ ላይ ልሰረው፣ ወይም ሶኬቱ ላይ ከኒውትራሉ ጋር ላገናኘው የሚል ከመጣ አመስግነው ይሸኙት። ሁለቱም በአንድ መጥፎ ቀን የቤቱን ብረት ሁሉ ኮረንቲ ሊያስይዙ ይችላሉ።

ምጣድና ካውያ መከልከል መፍትሔ እንዳይመስልዎ። አብዛኞቻችን የምንከለክለው ለቆጣሪው ብለን ነው። የተከለከለ ተከራይ ካውያውን ደብቆ፣ አልጋ ሥር በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ይተኩሳል። በግልጽ የሚሠራበት ጤነኛ መሥመር በድብቅ ከሚሠራበት ያረጀ መሥመር ይሻላል። እኛ ግቢ ምጣድ ያላቸው ሁለቱ ተከራዮች ቀን ተከፋፍለዋል፤ አንዷ ጠዋት፣ ሌላዋ ከሰዓት።

እግዚአብሔር አያድርገውና ሰው በኮረንቲ ሲያዝ ካዩ በእጅዎ አይንኩት። መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። ካልቻሉ ደረቅ ነገር ላይ ቆመው በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ያላቅቁት። «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው፤ የልብ ምት ቆይቶም ሊዛባ ይችላል። የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውኃ አይድፉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳት አደጋ የሚደወለው 939 ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከምርመራው በኋላ ኪራይ ልቀበል ስሄድ ብር ከመቁጠሬ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ፤ «የሚነዝር፣ የሚሞቅ ነገር አለ?»

የመጀመሪያው ወር ሁሉም «ምንም የለም እትዬ» አሉኝ። ሁለተኛውም ወር እንዲሁ። ደስ አላለኝም። ሁሉም ነገር ደህና ስለሆነ ይሁን ወይስ አከራይ ላለማስቀየም፣ መለየት አልቻልኩም። ተከራይ «ይነዝረኛል» ካለ «አልተመቸህም? ልቀቅ» እንዳይባል ይፈራል። ሰኔ ላይ እንጀራ ጋጋሪዋ አንድ ጊዜ ደፍራ ነግራኝ ነበር፤ እኔ በጫማ መለስኳት። ከዚያ በኋላ ምን ብላ ትደግመው?

በሦስተኛው ወር እዚያ ግቢ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጡረተኛ ተከራዬ ብሩን እያቀበሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እንዳው ላስቸግርሽ… የኔ ማብሪያ ትንሽ ሞቅ ይላል መሰለኝ» አሉኝ።

እማማ ያስቸገሩኝ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ለኤሌክትሪሺያኑ ደወልኩ። አንዲት ብሎን ላልታ ኖሯል፤ በአሥር ደቂቃ ተጠበቀች።

አዲሱ የብሬከር ሣጥን ክዳን ውስጥ ኤሌክትሪሺያኑ በእስክሪብቶ ሁለት መሥመር ጽፈዋል፤ «የተመረመረበት፤ መስከረም 2017። የሚቀጥለው፤ መስከረም 2022።» የእንጀራ ጋጋሪዋ ልጅ ማንበብ ከጀመረ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ቁጥሩን ያነብልኛል። በ2022 አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል። ያን ቀን እንዳልረሳ እሱ ያስታውሰኛል ብሏል።